የሳንባ ነቀርሳ በድርቅና በሰፈራ ጊዜ፤ በሽታውን ማወቅና ሕክምናውን ከፍጻሜ ማድረስ

(በኮልፌ ቀራንዮ ለእርዳታ፣ ለማቋቋሚያና ለጤና ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ የሐኪሞች እንጂ የእርዳታ ሠራተኞች ጉዳይ አይመስልም። ስለ እህል ክምችት፣ ስለ ጭነት መኪና፣ ስለ ውሃ ጉድጓድና ስለ መጠለያ ድንኳን መነጋገር የለመደ ጉባኤ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ምን ያገባዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ግን ይህ በሽታ በእህል መጋዘን፣ በስም መዝገብና በመጓጓዣ ዕቅድ ጭምር የሚሸነፍ ወይም የሚያይል መሆኑን ነው። ነቀርሳን የሚያድን መድኃኒት አለ፤ በአገራችን መንግሥታዊ የጤና ድርጅቶችም በነፃ ይሰጣል። ሆኖም መድኃኒቱ የሚያድነው ሳይቋረጥ ለወራት ሲወሰድ ነው። በድርቅና በመፈናቀል ጊዜ ይህን የወራት ሰንሰለት የሚጠብቀው ወይም የሚበጥሰው ብዙ ጊዜ የእርዳታውን ሥራ የሚመራው ሰው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በኮልፌ ቀራንዮ መነጋገራችን ተገቢ ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. አለርት በሚል ስም ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆነ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሠረተ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ተውሳክ ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ተውሳኮች የአንድ ወገን ዝርያዎች ናቸው። የአገራችን የሁለቱ በሽታዎች መከላከያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ አመራር ሥር መዋሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከሸዋ ለሕክምና መጥተው ወደ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉ ብዙ ቤተሰቦች በዚሁ ሆስፒታል ዙሪያ ሰፍረዋል። እንግዲህ በሽታ ሰውን ከአገሩ እንዴት እንደሚነቅል፣ ከአገሩ የተነቀለ ሰውም ለበሽታ እንዴት እንደሚጋለጥ ይህ ሠፈር ከብዙ ቦታዎች ይልቅ ያውቃል።

በሽታው ምንድን ነው?

የሳንባ ነቀርሳ ወይም በዛሬው የዕለት ንግግር ቲቢ በዓይን በማትታይ ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ባክቴሪያዋን ለዓለም ያስታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ነው፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። በየዓመቱ የዓለም የቲቢ ቀን የሚከበረው ይህን ለማስታወስ ነው። ዛሬም ቢሆን በሽታው አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ሰዎችም ሞተዋል። ኢትዮጵያም በሽታው ከጸናባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቃሉ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በአሁኑ ጊዜ ለካንሰርም ይነገራል። ስለዚህ «ነቀርሳ አለብህ» የተባለ ገበሬ «መድኃኒት የሌለው በሽታ ያዘኝ» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥና ሳይታከም ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ለበሽተኛው ስንናገር «የሚድን የሳንባ በሽታ ነው» የሚለውን አስቀድመን መናገር ይገባናል።

በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ጥቃቅን ጠብታዎች ወደ አየር ይወጣሉ፤ ነፋስ በማያገኘው ቤት ውስጥም ለሰዓታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያዋን ይገድላታል፤ ነፋስም ይበትናታል። ከአንድ ትሪ መብላት፣ መጨባበጥ ወይም የበሽተኛውን ልብስ መንካት በሽታውን አያስተላልፍም። የሚያስተላልፈው በታፈነ ክፍል ለረጅም ጊዜ አብሮ መተንፈስ ነው። ይህ ልዩነት በሚገባ ካልተገለጸ ቤተሰብ በሽተኛውን ከማዕድ ያርቀዋል፤ ማታ ግን መስኮት በሌለው ቤት አብሮት ያድራል። ከላም ወደ ሰው የሚተላለፍ የነቀርሳ ዓይነትም ስላለ ወተትን አፍልቶ መጠጣት ያስፈልጋል።

ባክቴሪያዋ የገባችበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው ተውሳኳ እንደገባችበት ይገመታል። ከእነዚህም በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። በቀሩት የሰውነት መከላከያ ኃይል ተውሳኳን አፍኖ ይይዛታል። መከላከያው ሲደክም ግን የተዳፈነው እሳት ይቀጣጠላል። መከላከያውን ከሚያደክሙት ዋና ዋናዎቹ ኤች.አይ.ቪ.፣ የስኳር በሽታና ረኀብ ናቸው።

ድርቅና ነቀርሳ

በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በመቀሌ፣ በባቲና በእብናት መጠለያዎች ምን እንደደረሰ የዚያን ጊዜ የእርዳታ ሠራተኞች አይረሱትም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች በጥቂት ቀናት ሰውን ይፈጁ ነበር። ነቀርሳ ግን እንደነዚህ አይቸኩልም፤ ይቆያል። ሰው ለወራት ሲራብ የሰውነቱ መከላከያ ይዳከማል። ቀዬውን ለቆ መጠለያ ሲገባ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይተኛል። ኩፍኝ ያለፈበት ሕፃንም መከላከያው ለሳምንታት ደካማ ሆኖ ይቆያል። ዝናብ ዘንቦ፣ እህል ደርሶ፣ ጋዜጠኞችና አውሮፕላኖች ከሄዱ በኋላ በሽታው ብቅ ይላል። በእርዳታው ሪፖርት ላይ የማይጻፈውም ስለዚህ ነው። ድርቁ አልፏል ተብሎ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የሚሞተውን ሰው ማንም ከድርቁ ሟቾች ጋር አይቆጥረውም።

ረኀብና ነቀርሳ የሚመላለሱት በሁለት አቅጣጫ ነው። ረኀብ በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ በሽታው ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ ሰውነትን ያከሳል። የሚያርሰው አባወራ ሲታመም እርሻው ያድራል፤ በሬው ይሸጣል፤ ልጆቹም ይራባሉ። ስለዚህ ምግብ ለነቀርሳ በሽተኛ ከሕክምናው ክፍሎች አንዱ ነው። ይህ የርኅራኄ አነጋገር ብቻ ሳይሆን በጥናት የተረጋገጠ ነው። በሕንድ አገር በጃርካንድ ክፍለ ሀገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ሕክምና ላይ ላሉ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ሁሉ በየወሩ ምግብ ተሰጠ፤ ከመንደሮቹ ከፊሎቹ ደግሞ ቤተሰቡም ጭምር እህልና ጥራጥሬ አገኘ። 10,345 የቤተሰብ አባሎች በተከታተሉበት በዚህ ጥናት እህል በደረሰው ቤተሰብ ዘንድ አዲስ በነቀርሳ የሚያዘው ሰው ቁጥር በ39 በመቶ፣ በሚተላለፈው ዓይነት የሚያዘው ደግሞ በ48 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ በመጋዘናችን ያለው ስንዴ፣ ባቄላና ዘይት ከክትባት ጋር የሚወዳደር የመከላከያ ኃይል እንዳለው ለመናገር እንችላለን።

በሽታውን መለየት

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሣል፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ፣ ማታ ማታ የሚመለስ ትኩሳት፣ ክሳትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ደም የተቀላቀለበት አክታ ሲታይ ደግሞ ፈጥኖ መመርመር ያስፈልጋል። በድርቅ ቦታ ችግሩ ሰው ሁሉ ከስቶ መታየቱ ነው። ሁሉም በከሳበት መካከል በበሽታ የከሳውን መለየት ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት በምግብ ማደያ ጣቢያ ፋፋና ወተት እየተሰጠው ክብደት ያልጨመረ ሕፃንም ሆነ ትልቅ ሰው በነቀርሳ መጠርጠር አለበት። የምግብ ማደያው የክብደት መዝገብ ለጤና ሠራተኛው የመጀመሪያው ፍንጭ ነው።

በሽታው በሳንባ ብቻ አይወሰንም። በአንገትና በብብት ንፍፊት፣ በአከርካሪ አጥንት፣ በሆድና በአንጎል ሽፋን ላይም ይወጣል። በአገራችን በአንገት ንፍፊት የሚታየው ብዙ ስለሆነ ለወራት የቆየና የማያም እብጠት ሲገኝ «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ከሳንባ ውጭ ያለው ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በሽተኛውን ግን ይገድላል ወይም አካሉን ያጎድላል።

ለመመርመር ለብዙ ዘመናት ያገለገለው አክታን ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህ ርካሽና ጠቃሚ ዘዴ ቢሆንም ባክቴሪያዋን የሚያሳየው በአክታው ውስጥ በብዛት ስትገኝ ነው። ስለዚህ ሕፃናትና ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ያመልጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የባክቴሪያዋን የዘር ምልክት ፈልጎ በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደች መሆኗንም ያሳያል። መሣሪያው በሌለበት ጣቢያ የእርዳታ መኪና የአክታ ናሙና አድርሶ ውጤቱን ቢያመጣ ብዙ ነፍስ ያድናል። ከጣቢያው ወደ ከተማ ባዶውን የሚመለስ መኪና ካለ ናሙናውን መጫን ወጪ አይጨምርም።

ሕክምናው

በፊት ጊዜ ለሳንባ ነቀርሳ ንጹሕ አየር፣ ዕረፍትና ጥሩ ምግብ ይታዘዝ ነበር። ሀብታሞች አየሩ ወደተመሰገነ ተራራማ ስፍራ ይላኩ ነበር። በዚህ ክፍለ ከተማ «አየር ጤና» የሚባል ሠፈር አለን፤ ስሙ የዚያን ዘመን እምነት ያስታውሰናል። ንጹሕ አየር ሌላው ሰው እንዳይያዝ ይረዳል፤ በሽተኛውን ግን ለብቻው አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሕንድ በማድራስ ከተማ የተደረገው ታላቅ ጥናት ይህን ለይቶ አሳየ። በተጨናነቀ የድሆች ቤት እየኖሩ መድኃኒታቸውን የወሰዱ በሽተኞች በሆስፒታል ተኝተው ከታከሙት ያላነሰ ዳኑ፤ ሕክምና በጀመሩ በሽተኞች ቤተሰብም ላይ ከሆስፒታሎቹ የበለጠ ጉዳት አልደረሰም። ዛሬ በጤና ጣቢያ፣ በሰፈራ መንደርና በመጠለያ ነቀርሳን ለማከም የምንደፍረው በዚህ እውቀት ነው።

በአገራችን ለተራው ነቀርሳ የሚሰጠው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉ አራት መድኃኒቶች ይሰጣሉ። በቀሩት 4 ወሮች ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይቀጥላሉ። መድኃኒቶቹ በአንድ ኪኒን ተቀላቅለው ይመጣሉ፤ የኪኒኑም ቁጥር የሚወሰነው በበሽተኛው ክብደት ነው። ስለዚህ እህል እያገኘ ክብደቱ የጨመረ ሰው እንደገና መመዘን ይኖርበታል። በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር አክታ እየተመረመረ መዳኑ ይረጋገጣል።

ሕክምናው ለምን 6 ወር ይፈጃል? ይህን በሽተኛው ይጠይቃል፤ መልስም ይገባዋል። ከባክቴሪያዎቹ አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃሉ፤ ሣሉ ይቀንሳል፣ ትኩሳቱ ይለቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ጥቂቶቹ ግን እንደ ተኙ ሆነው በዝግታ ስለሚኖሩ መድኃኒቱ ቶሎ አያገኛቸውም። በሽተኛው «ድኛለሁ» ብሎ በሁለተኛው ወር ካቆመ የተረፉት ይነቃሉ። እንደ አረም ነው፤ ቅጠሉ ቢታጨድም ሥሩ ካልተነቀለ በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል።

መድኃኒቱ ሊያስከትል የሚችለውን አስቀድሞ መንገር በሽተኛው ደንግጦ እንዳያቆም ይረዳል። ሪፋምፒሲን ሽንትንና እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ይህ ጉዳት የለውም። አይሶናያዚድ እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ በተለይ በረኀብ የተጎዳ ሰው ቫይታሚን ቢ 6 ሊሰጠው ይገባል። ኢታምቡቶል የዓይን ብርሃንን ሊያደክም ይችላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ የሚያስታውከውና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ጉበቱ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

የጾም ወራትም አስቀድሞ መታሰብ አለባቸው። የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም መድኃኒቱን ንጋት ላይ ጾሙ ከመያዙ በፊት ሊወስድ ይችላል። ፀበል የሚጠመቅ ሰውም ኪኒኑን አብሮ ይውሰድ። በዚህ ረገድ ካህናትና የሃይማኖት አባቶች አንድ ቃል ቢናገሩ ከእኛ የብዙ ቀን ትምህርት ይበልጣል።

ከሥጋ ደዌ የተገኘ ትምህርት

ነቀርሳን በአንድ መድኃኒት ብቻ ማከም የማይገባው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ዘነበወርቅ እንመለስ። የሥጋ ደዌ ለብዙ ዓመታት ዳፕሶን በተባለ አንድ መድኃኒት ብቻ ይታከም ነበር። በሽተኞች ለዓመታት፣ አንዳንዴም አቋርጠው እየጀመሩ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚሁ በአዲስ አበባ የተደረጉ ምርመራዎች ባክቴሪያዋ ዳፕሶንን መላመዷን፣ ይባስ ብሎም መድኃኒቱን ቀምሰው በማያውቁ አዳዲስ በሽተኞች ላይ የተላመደችው ባክቴሪያ መገኘቷን አሳዩ። ይህና ከሌሎች አገሮች የተገኘው ተመሳሳይ ማስረጃ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን እንዲያዝ አደረገው።

በነቀርሳም የሆነው ይኸው ነበር። ስትሬፕቶማይሲን በተገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብቻውን የወሰዱት በሽተኞች በመጀመሪያ ተሻላቸው፤ ቆይቶ ግን በሽታው ከመድኃኒቱ በላይ ሆኖ ተመለሰባቸው። እንግዲህ በገበያ የተገዛ አንድ ዓይነት ኪኒን፣ ከጎረቤት የተዋሱት ፍሬ ወይም ግማሽ መጠን መውሰድ ምንም ካለመውሰድ የባሰ ሊሆን ይችላል። በሥጋ ደዌ ሕክምና በወር አንድ ጊዜ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ነቀርሳም ካለበት ሙሉውን የነቀርሳ ሕክምና ማግኘት አለበት፤ የወሩ ሪፋምፒሲን ለነቀርሳው አይበቃም።

ሰው ሲንቀሳቀስ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሻለሁ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ ከፋ፣ ጎጃምና ጋምቤላ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልሄዱም፤ ቤተሰብም ተለያይቷል፤ የደጋው ሰው በማያውቀው ቆላ በወባ አልቋል። በዚያን ጊዜ የነቀርሳ ሕክምና አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ሕክምና ጀምሮ በመኪና የተጫነ ሰው የሕክምና ካርዱ በአንድ ክፍለ ሀገር፣ እርሱ በሌላው ቀረ ማለት ነው። በሚገባ የተጠናው የአጭር ጊዜ ሕክምና በአርሲና በባሌ በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በኋላ ግን በመላው አገሪቱ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕክምናውን እስከ ቀበሌ አደረሱት። ዛሬ ከዚያን ጊዜው የተሻለ መሣሪያ በእጃችን አለ። ሰው መንቀሳቀሱ ግን አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት የጤና ጣቢያዎች ሲወድሙና መንገድ ሲዘጋ ሕክምና ላይ የነበሩ ሰዎች ከመድኃኒታቸው ተቆራርጠዋል።

በእርዳታ ሥራ ለብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ ደንብ አለ፤ «ለመጨረስ የማትችለውን የነቀርሳ ሕክምና አትጀምር» ይላል። ሕዝቡ ቢያንስ ለ6 ወር በቦታው የሚቆይ መሆኑ፣ ውሃ፣ ምግብና መጠለያ መገኘቱ፣ መድኃኒቱም በበቂ መጠን መድረሱ ሳይረጋገጥ በመጠለያ አዲስ የነቀርሳ ፕሮግራም እንዳይከፈት የሚያዝ ነው። ደንቡ ከዳፕሶንና ከስትሬፕቶማይሲን የተገኘውን ትምህርት ይዟል። ነገር ግን በሌላ በኩል እንመልከተው። እንበል፣ አንዲት እናት ከሰሜን ወሎ ተፈናቅላ በመጠለያ ትኖራለች፤ አክታዋ ተመርምሮ ነቀርሳ ተገኝቶባታል፤ በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ ጣቢያ ትዛወራለች። ሕክምናው ካልተጀመረላት ትሞታለች፤ እስክትሞትም ልጆቿን ታስይዛለች። ተጀምሮላት ከተቋረጠ ደግሞ የባሰውን በሽታ ልታተርፍ ትችላለች። ይህን አስጨናቂ ምርጫ የፈጠረው በሽታው ሳይሆን የዝውውሩ ዕቅድ ነው። ስለዚህ መፍትሔውም በዕቅዱ ውስጥ ነው። ሕክምናዋን እንጀምር፤ ዝውውሯን ከሕክምናዋ ጋር እናስማማ፤ ይህ ካልተቻለ የዝውውር ወረቀቷንና ለመንገድ የሚበቃ መድኃኒቷን ይዛ፣ የምትደርስበት ጤና ጣቢያ አስቀድሞ አውቋት ትሂድ።

መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ

ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሚከተለው መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ነው። ይህ ዓይነት ለሪፋምፒሲንና ለአይሶናያዚድ አይበገርም፤ ተላምዶ የመጣውም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። በአገራችን ለዚህ በሽታ ሕክምና መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋ ነበር፤ ለወራት በየቀኑ የሚወጋው መርፌም አንዳንዶቹን ጆሯቸውን አደንቁሯቸዋል።

ይህን ለማሻሻል ከተደረጉት ታላላቅ ጥናቶች በአንዱ የአገራችን በሽተኞችና ሐኪሞች ተካፋዮች ነበሩ። ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት የአርማወር ሐንሰን ተቋምና የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተሳትፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የመጀመሪያው ክፍል ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው ሕክምና ከ20 ወሩ ጋር የሚተካከል ውጤት እንዳለው አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ቤዳኩሊን ያለበትና መርፌ የሌለው የ9 ወር ሕክምና ከመርፌው የተሻለ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ በሽተኞች ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን የተጣመሩበትን የ6 ወር ሕክምና አዘዘ። ይህ ታላቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን እነዚህም መድኃኒቶች በመቋረጥ ምክንያት ከተላመዱ በኋላቸው የተዘጋጀ ብዙ የለም።

ከእርዳታና ከማቋቋሚያ ሠራተኛው የሚጠበቀው

እንግዲህ ሐኪም ያልሆነው ሠራተኛ ማድረግ የሚችለው ምንድን ነው? የሚከተሉትን ነጥቦች በዕቅዳችሁ ውስጥ እንድታስገቡ አሳስባለሁ።

1ኛ/ ማንኛውም የሰፈራ፣ የመመለስ ወይም የዝውውር ስም ዝርዝር መኪና ከመመደቡ በፊት ከጤና ጣቢያው የነቀርሳ መዝገብ ጋር ይመሳከር። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

2ኛ/ ሕክምና ላይ ያለ ሰው መዛወሩ የማይቀር ከሆነ የዝውውር ወረቀቱንና ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒቱን በእጁ ይያዝ፤ ተቀባዩ ጣቢያ መድረሱን ይመልስ። ወረቀት የያዘ በሽተኛ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ሁለተኛ ቅጂው በኃላፊው እጅ ይቆይ።

3ኛ/ በራሽን ቀንና በመድኃኒት ቀን መካከል ግጭት አይኑር። በሽተኛው በአንድ ቀን እህሉን በአንዱ ስፍራ፣ ኪኒኑን በሌላው ስፍራ ለመቀበል ከተገደደ የሚመርጠው እህሉን ነው፤ ልንፈርድበትም አንችልም። ሁለቱን በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ማድረግ ይቻላል።

4ኛ/ ለበሽተኛውና ለቤተሰቡ የምግብ ድርሻ ለ6 ወር ይጠበቅለት። በግማሽ መንገድ ከዝርዝር አይሰረዝ።

5ኛ/ መጠለያ ሲተከል በሁለት በኩል ነፋስ እንዲገባ፣ ፀሐይ እንዲደርስ፣ በድንኳኖችም መካከል ክፍተት እንዲኖር ይደረግ። የሚያስል ሰው በተዘጋ አዳራሽ ሳይሆን በውጭ በጥላ ሥር ወረፋ ይጠብቅ።

6ኛ/ ከበሽተኛው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ፣ በተለይም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው፣ ይመርመሩ። ያልታመሙትም መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸው፤ ከመከላከያዎቹም በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት ብቻ የሚወሰድ አለ። ለሕፃናት የሚሰጠው ቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ከአንጎል ሽፋን ነቀርሳና ከመሰሉት ከባድ ዓይነቶች ይጠብቃል፤ የትልቁን ሰው የሳንባ ነቀርሳ ግን በሚገባ አይከላከልም። ስለዚህ «ተከትቧል» ብሎ መተው አይገባም።

ስለ ኀፍረት

ከመድኃኒትም ከእህልም ውጭ የሆነ አንድ ነገር ይቀራል። በዚህ ሠፈር የሰፈሩት የሥጋ ደዌ ቤተሰቦች በመድኃኒት ከዳኑ በኋላ እንኳ ወደ ቀያቸው ያልተመለሱት ተውሳኳ ስላልለቀቀቻቸው ሳይሆን ሰው ስላልተቀበላቸው ነበር። ከእነዚሁ ቤተሰቦች ልጆች ብዙዎቹ በቆሼ ቆሻሻ መጣያ እየለቀሙ አድገዋል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ስፍራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መገለል ሰውን ወደ ከተማው ጥግ ይገፋዋል፤ በከተማው ጥግም ድህነትና የታፈነ ቤት ይጠብቁታል፤ እነዚያም ነቀርሳን ይወልዳሉ። በመጠለያ የበሽተኛን ስም በአደባባይ መጥራት፣ ድንኳኑን በምልክት መለየት ወይም በተለየ ሰልፍ ማቆም በሽተኛውን እንዲደበቅ ያደርገዋል። የሚደበቅ በሽተኛ ደግሞ ማሳሉን አያቆምም። በተገቢው መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ ኃይሉ እጅግ ስለሚቀንስ ሕክምናውን የሚወስደው ጎረቤት ሊፈራ አይገባም። ሊፈራ የሚገባው ያልተመረመረው ሣል ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

የተናገርሁትን ለመጠቅለል፣ ነቀርሳ የሚድን በሽታ ነው፤ የሚድነው ግን በተሟላ ጊዜ ነው። ድርቅና መፈናቀል ከሰው የሚወስዱት ይህንኑ ጊዜ ነው። አንድ ሰው 6 ወር ሙሉ ምግቡን፣ መድኃኒቱንና መዝገቡን ይዞ እንዲቆይ ማድረግ ከቻልን እርሱም ይድናል፤ ቤተሰቡም ይተርፋል፤ የተላመደው በሽታም አይወለድም። ይህን ለመሥራት አዲስ ሕንፃ ወይም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የእህል መዝገብ ያዡና የመድኃኒት መዝገብ ያዡ በሳምንት አንድ ጊዜ ተገናኝተው ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማንበብ ይበቃቸዋል። በየጣቢያችሁ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ይህ እንዲሆን አሳስባለሁ።